መግደርደርን የሚከለክለው አንቀጽ

ምርጫ የሚያበላሸው ሌባ ነው ይባላል። ውሸት ነው። ሌባ ኮሮጆ ይሰርቃል፤ ኮሮጆ የሚሰረቀው ደግሞ ኮሮጆ ባለበት አገር ነው። በእኛ ቀጠና ኮሮጆ የለም፤ የሚሰረቅ የድምፅ ወረቀት የለም፤ ለመስረቅ የሚደክም ሰውም አላየሁም። የእኛን ምርጫ ያበላሸው ጨዋ ሰው ነው። ነጠላውን አስተካክሎ፣ በሰዓቱ መጥቶ፣ ሰላምታውን ለሁሉም አዳርሶ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ጨዋ ሰው። ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። አስመራጭ ኮሚቴውን የመራሁት እኔ ነበርኩ። ደንቡንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ቀጠናችን ሓወልቲ ከምንለው የሰማዕታት ሐውልት ጀርባ ባለው ዳገት ላይ ነው። ታችኛው መደዳ አስፋልቱን ይነካል፤ ላይኛው መደዳ ከድንጋያማው ኮረብታ ጋር ተጣብቋል። የቧንቧ ውሃ የመጣ ቀን ታችኞቹ ይቀዳሉ። ዳገቱን ሲወጣ ጉልበቱ ያልቅና ላይኞቹ ቤት ሲደርስ አየር ብቻ ያፏጫል። ስለዚህ ላይኛው መደዳ የሚኖረው ቀበሌው በተራ በሚልከው የውሃ ቦቴ ነው። ቦቴው የት እንደሚቆም የሚያዘው የቀጠናው ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው። ለዓመታት የቆመው ደግሞ በሊቀመንበሩ አጥር ሥር ነው።

ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አይደሉም። ጡረታ የወጡ የመንገድ ሥራ ፎርማን ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ኣቦይ»፣ አባቴ፣ ይላቸዋል። ቦቴው ለምን ወደ ላይ እንደማይወጣ ሲጠየቁ፣ በዝናብ የራሰ ኮብልስቶን ላይ ተንሸራቶ የግንብ አጥር ስለጣለ አንድ የጭነት መኪና ይተርካሉ። መኪናው የተንሸራተተው ከብዙ ዘመን በፊት ነው፤ በሳቸው አፍ ግን ገና አልቆመም። የተመረጡት ከጦርነቱ በፊት ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ «ለጊዜው ይቀጥሉ» ተባሉ። ጦርነቱ አለቀ፤ ለጊዜው አላለቀም።

በላይኛው መደዳ የመጨረሻው ቤት የሚኖሩት መምህርት ናቸው። የእኔን ልጅ ጨምሮ የሰፈሩን ልጆች ግማሽ ያህል ፊደል ያስቆጠሩ ሴት ናቸው። አሁን የአልጋ ቁራኛ የሆኑ እናታቸውን ያስታምማሉ። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ውሃ ምን ማለት እንደሆነ ያላስታመመ ሰው አያውቅም፤ አንሶላ ጠዋት ይታጠባል፣ ማታ እንደገና ይታጠባል። መምህርቷ በተማሪ ደብተር ላይ ቦቴው የመጣበትን ቀን፣ የቆመበትን ቦታ፣ ከላይኛው መደዳ ውሃ ሳያገኝ የተመለሰውን ቤት ሁሉ ይመዘግቡ ነበር። ሹፌሩንም ጠይቀውት ነበር። በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ዞሮ ወደ ላይ የሚያወጣ መንገድ አለ፤ «ሊቀመንበሩ ካዘዘኝ እወጣለሁ» ብሏቸዋል። አንድ ቀን ደብተሩን ካሳዩኝ በኋላ «እኔ ብሆን ኖሮ…» አሉና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱት ደብተሩን ከደኑት። ወንበሩን እንደሚፈልጉ ያወቅኩት ያን ዕለት ነው።

ቀበሌው ቀጠናዎች ሁሉ አዲስ ምርጫ እንዲያካሂዱ ሲያዝ፣ ዝርዝር የምርጫ ደንቡን እያንዳንዱ ቀጠና ራሱ እንዲያወጣ ሁለት ገጽ ናሙና ላከ። ናሙናው ለእኔ ተሰጠ። ምክንያቱ መጽሐፍ ማንበቤ ነበር። ሰፈራችን የሚያነብ ሰው ሕግ መጻፍ ይችላል ብሎ ያምናል፤ ብዙ የሚበላ ሰው ወጥ መሥራት ይችላል እንደማለት ነው። እኔም አመንኳቸው። ምልዓተ ጉባኤው ስንት ሰው እንደሆነ፣ ማስታወቂያው ስንት ቀን እንደሚለጠፍ፣ አቤቱታ እንዴት እንደሚቀርብ ጻፍኩ። ዕጩዎች ፊታቸውን ወደ ጥቁር ሰሌዳው አዙረው እንደሚቆሙ፣ እጅ ሁለት ሰው እንደሚቆጥረው፣ ከራስ በላይ ያልወጣ እጅ እንደማይቆጠር ጻፍኩ። በአንቀጽ ሰባት ላይ ግን ከሁሉም የበለጠ ተጠበብኩ፤ የረጅም ጊዜ ቂም ነበረኝና።

ቂሜ ከመግደርደር ጋር ነው። በእኛ ስብሰባ ሰው ሲጠቆም ይነሳል፤ እጁን ደረቱ ላይ ያደርግና «እኔ አቅሙ የለኝም፣ ይቅርብኝ» ይላል። አዳራሹ «አይሆንም» ይላል። ሰውዬው አሁንም እምቢ ይላል። አንድ ሽማግሌ ይነሱና በቤተ ሰቡ፣ በልጆቹ፣ በታቦቱ ይለምኑታል። በሦስተኛው «እንግዲህ ካላችሁ» ይልና ይቀመጣል። ለአንድ ወንበር ግማሽ ቀን። በዚህ ወግ ስንት እሑድ እንደተበላብኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚህ እንዲህ ጻፍኩ፦ የተጠቆመ ሰው ፈቃደኛ መሆኑን አንድ ጊዜ ይጠየቃል፤ አልፈልግም ወይም አልችልም ካለ ስሙ ይሰረዛል፤ በዚያው ስብሰባም እንደገና አይጠቆምም።

ከእኔ ጋር በአስመራጭነት የተመደበው ሮማናት አደባባይ አካባቢ በርበሬና ቅመም የሚነግድ ወሎዬ ነበር። በሰፈራችን ሃያ ዓመት ኖሯል። ትግርኛውን ከእኛ ልጆች አሳምሮ ይናገራል፤ ከእኔ ጋር ብቻ በአማርኛ ይቀልዳል። አንቀጽ ሰባትን ሁለቴ አነበበና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው።

«ኧረ በአላህ፣ ይሄን ለምግብ ብታወጣው ኖሮ እንግዳ ሁሉ ጦሙን ያድር ነበር።»

ሕግ ቀልድ እንደማያውቅ ነገርኩት። ሰውም ሕግ እንደማያውቅ ነገረኝ። እኔ ግን በጻፍኩት በጣም ደስ ብሎኝ ስለነበር ተሳስቻለሁ ብዬ አላሰብኩም።

ስብሰባው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሆነ። ትልልቅ ሰዎች በልጆች ዴስክ ውስጥ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ከቀበሌው የተላከችው ጸሐፊ ቃለ ጉባኤውን ከፈተች። ደንቡን ከአንደኛው አንቀጽ እስከ መጨረሻው ጮክ ብዬ አነበብኩ። ጥያቄ አለ ወይ አልኩ። ይጽደቅ አሉ፤ ጸደቀ። ሲነበብ የሰማ ሁሉ ያዳመጠ የሚመስለው እንደ እኔ ያለ ሰው ነው። ከመላው አዳራሽ ደንቡን አስቀድሞ ተውሶ፣ መነጽር አድርጎ፣ ቤቱ ወስዶ ያነበበው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሳቸውም ሊቀመንበሩ ናቸው።

መጀመሪያ የተጠቆሙትም እሳቸው ነበሩ። ጠየቅኳቸው። ተነሱና «ካዘዛችሁኝ አገለግላለሁ» አሉ፤ ተቀመጡ። አዳራሹ ትንሽ አጉረመረመ፤ እንዲህ በአንድ ጊዜ እሺ ያለ ሰው አይቶ አያውቅም። ቀጥሎ ከላይኛው መደዳ የመምህርቷ ጎረቤት የሆነው ልብስ ሰፊ እጁን አወጣና መምህርቷን ጠቆመ። ከኋላ የደስታ ድምፅ ተሰማ። መምህርቷ ተነሱ። ደብተሩ ከቦርሳቸው አፍ ብቅ ብሎ ይታየኛል።

«መምህር፣ ፈቃደኛ ነዎት?»

ነጠላቸውን ሰበሰቡ። ዓይናቸውን ወደ ወለሉ ጣሉ። «እኔ እንኳን አልችልም» አሉ፤ «ከእኔ የተሻለ ሰው አይጠፋም።»

ቆመውም ጠበቁ።

አዳራሹ ፈገግ አለ። ሽማግሌዎቹ ሊለምኑ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቀጣዩ ቃል ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው በአዳራሹ አልነበረም፤ እኔም አውቀው ነበር። ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ አንስታ አየችኝ። ሊቀመንበሩ መምህርቷን አላዩም፤ እኔን ነው ያዩት። ነጋዴው በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። «ድገምና ጠይቃቸው» አለ በጥርሱ መሐል። እኔ ደግሞ በዚያች ቅጽበት ያሰብኩት ስለ ራሴ ነው። ለምወዳቸው ሰው ከደገምኩ ለማልወደው ምን ልል ነው? የራሴን አንቀጽ በመጀመሪያው ቀን ካጠፍኩት ማን ያከብረዋል? እንዲህ ያለው ሐሳብ ሲመጣ ቀና ሰው የሆንን ይመስለናል።

«በአንቀጽ ሰባት መሠረት» አልኩ፣ «የመምህር ስም ተሰርዟል።»

መምህርቷ ወዲያው አልተቀመጡም። እጃቸውን ለመታጠብ ዘርግተው ውሃ የሚያፈስላቸው ሰው ማንቆርቆሪያውን ይዞ እንደሄደባቸው ሆነው ቆዩ። ከዚያ ዴስኩን ተደግፈው ቁጭ አሉ። አንድ ሽማግሌ ሊለምኑ ተነስተው ነበር፤ በደንቡ እንደማይቻል ነገርኳቸው። «ታዲያ ምን ብለው ኖሮ ነው የተሰረዙት?» አሉ፤ የምር አልገባቸውም። ሊቀመንበሩ ብቻቸውን ዕጩ ሆነው አለፉ።

ያው ደንብ ቅር የተሰኘ ሰው በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ይላል። አቤቱታው በራሱ በተበዳዩ እጅ ይጻፋል፣ ራሱ ያመጣዋል፣ ማንም እንዲያየው በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ይህንንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሐሜት በደብዳቤ እንዳይመጣ ብዬ። የመጨረሻው ሰዓት ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር። ማክሰኞ ዳገቱን ወጣሁ።

መምህርቷ በር ከፈቱልኝና አስቀመጡኝ። ከውስጠኛው ክፍል የእናታቸው ሳል ይሰማል። በረንዳው ላይ የታጠበ አንሶላ ተሰጥቷል፤ ከሥሩ ጠብታውን የሚይዝ ሳፋ ተቀምጧል። ዳገቱ አስጠምቶኝ ነበር። መምህርቷ ከበርሜሉ ሊቀዱልኝ ሲጎነበሱ ጣሳው ከታች ያለውን ብረት ሲፍቅ ሰማሁ።

ይቅርብኝ አልኩ። ጠጣ አሉኝ። የለም፣ አሁን ጠጥቼ ነው የመጣሁት አልኩ። አፈር ስሆን አሉኝ። ሦስተኛ ጊዜ ብርጭቆውን እጄ ላይ ሲያደርጉልኝ ተቀበልኩና እስከ መጨረሻው ጠጣሁት።

ቁልቁል እያዩኝ ቆሙ። «አየህ ሓወይ» አሉ፤ ወንድሜ ማለታቸው ነው። «እኔ ሦስት ጊዜ ጠየቅኩህ።»

ባዶውን ብርጭቆ ይዤ ስለ አቤቱታው አወራሁ። ወረቀት ይዤ መምጣቴን፣ ሁለት መስመር ብቻ እንደሚበቃ፣ ነገ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ጊዜ እንዳለ ነገርኳቸው።

«ወንበሩን ስጡኝ ብዬ ሰሌዳ ላይ ልለጥፍ? ያስተማርኳቸው ልጆች ቆመው እያነበቡኝ?»

ሌላ መንገድ እንደሌለ ነገርኳቸው።

«መንገዱን የዘጋኸው አንተ ነህ እኮ» አሉ። ድምፃቸውን አላነሱም። ወረቀቱን ግን ተቀበሉኝ።

ረቡዕ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ከነጋዴው ጋር የቀበሌው በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ትንሽ ቆይቶ ሊቀመንበሩም መጡ፤ ከፊት ለፊታችን ተቀምጠው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ለምን እንደመጡ አልተናገሩም፤ ማንም አልጠየቃቸውም። ስለ ዝናብ ተጨዋወትን። አሥር ሰዓት አለፈ። ነጋዴው ሄጄ ላምጣቸው አለ፤ ደንቡ ራሳቸው ያምጡት ስለሚል ከለከልኩት። በዚያች ሰዓት የጠላኝ ይመስለኛል። ጸሐፊዋ መስኮቶቹን መዝጋት ጀመረች። ለአሥራ አንድ ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው መምህርቷ ከዳገቱ ቁልቁል ሲመጡ አየን፤ እናታቸውን የሚያይላቸው ሰው አጥተው ነበር። ወረቀቱን ለጸሐፊዋ ሰጡ፤ ሊቀመንበሩን ጤና ይስጥልኝ ብለው ተመለሱ።

የጻፉት ይህን ነበር፦ «ስጠየቅ አልችልም ያልኩት እንደ አገራችን ወግ ነው። ወንበሩን እፈልገዋለሁ። የምፈልገውም የውሃ ቦቴው በትምህርት ቤቱ በኩል ወደ ላይ እንዲወጣ ነው።» የእጅ ጽሑፉ ለልጆች ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደሚጻፈው ክብ ክብና ግልጽ ነበር፤ ከመንገድ ማዶ ይነበባል።

አቤቱታውን ተቀበልነው። አንድ መልስ ነገሩን እንደሚዘጋ ለተሰብሳቢው በሚገባ አላስረዳሁም ብዬ በቃለ ጉባኤው ላይ አስጻፍኩ። ሊቀመንበሩም አልተቃወሙም። «ይደገም» አሉ፤ ባርኔጣቸውን እያደረጉ። «እኔ ወንበር አልለመንኩም።»

ያቺ ቃል ከእሳቸው ቀድማ ሰፈር ገባች። በሳምንቱ ውስጥ ሰሌዳው ሥር የቆመ፣ ወረቀቱን በስልኩ ያነሳ ብዙ ነው። በሱቅ፣ በታክሲ ወረፋ፣ በለቅሶ ቤት «መምህሯ ወንበር ለመነች» ይባላል። ለምን እንደፈለጉት ሦስተኛው መስመር ላይ ተጽፏል፤ ሰው ግን ሁለተኛው መስመር ላይ ቆሟል። ያው ውሃ ያልደረሳቸው ሴቶች እንኳን አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሲስቁ ሰምቻለሁ።

በሁለተኛው እሑድ አዳራሹ ሞልቶ ወንዶች መስኮት ላይ ተደግፈው ቆሙ። አንቀጽ ሰባትን ሁለት ጊዜ አነበብኩ። አንዴ ብቻ እንደምጠይቅ፣ መልሱም መልስ እንደሆነ አስረዳሁ። ሊቀመንበሩ ተጠየቁ። «ደክሞኛል» አሉ፣ «ግን ካላችሁ እምቢ አልልም።» እምቢታ ነው ወይስ እሺታ? እሺታ ነው አልኩ። አዳራሹ ተነፈሰ፤ የሚያውቀውን ዜማ ሰማ።

ወደ መምህርቷ ዞርኩ። «ፈቃደኛ ነዎት?»

ዛሬ ወለሉን አላዩም። «እፈልጋለሁ» አሉ።

ሌላ ምንም አልጨመሩም። ከኋላ አንድ ሰው ከንፈሩን መጠጠ። አንዲት አሮጊት «ወይ ጉድ» አሉ፤ ቀስ ብለው ነው፣ ግን ፀጥታው አጎላው።

ሁለቱ ዕጩዎች ፊታቸውን ወደ ጥቁር ሰሌዳው አዞሩ። ሰሌዳው ላይ ዓርብ የተጻፈ የመደመር ትምህርት አልጠፋም ነበር። መምህርቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ በእንዲህ ያለ ሰሌዳ ፊት ቆመዋል፤ ከኋላቸው የሚሆነውን ዞረው ማየት ሲከለከሉ ግን የመጀመሪያቸው ይመስለኛል። የጫማቸው ተረከዝ በአንድ በኩል ተበልቷል፤ ዳገቱ ነው።

ለሊቀመንበሩ እጅ ሲጠየቅ ታችኛው መደዳ በሙሉ አወጣ። እኔ ከግራ፣ ነጋዴው ከቀኝ ቆጠርን። ለመምህርቷ ሲጠየቅ ላይኛው መደዳ ውስጥ እጆች መነሳት ጀመሩ። ይነሳሉ፣ መንገድ ላይ ይቀራሉ። አንዱ ደረቱ ላይ ቆመ። አንዷ ሻሿን አስተካከለችበት። አንዱ ጆሮውን ያዘ። እኔ ደግሞ ከራስ በላይ ያልወጣ እጅ አይቆጠርም ብዬ ጽፌያለሁ። ልብስ ሰፊው ጋ ስደርስ ቆምኩ፤ ከሳምንት በፊት የጠቆማቸው እሱ ነበር። እጁ ጆሮው አጠገብ ነው። መቁጠሬን አቁሜ ጠበቅኩት። አስመራጭ ሊያይ ከሚገባው በላይ አየሁት። እሱ ጣሪያውን አየ። ሁላችንም ቆምን፤ አዳራሹ፣ ነጋዴው፣ ወደ እኛ የዞሩት ሁለት ጀርባዎች። ከዚያ እጁ ፀጉሩን አንዴ ዳሰሰና ወረደ።

መምህርቷ በአራት እጅ ልዩነት ተሸነፉ። ከላይኛው መደዳ መንገድ ላይ የቀሩትን እጆች ሳልፈልግ ቆጥሬያቸው ነበር፤ ሰባት ናቸው።

ሰዉ ሊቀመንበሩን ከቦ ሲወጣ መምህርቷ ጠረጴዛዬ አጠገብ መጡ። ስንት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«ከእኛ መደዳ ያላወጣው ማን ነው?»

ደንቡ ቆጣሪ የማንን እጅ እንዳየ እንዳይናገር ይከለክላል። እንደማልናገር ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የጠየቁት የማያውቁትን አልነበረም። ደብተሩን ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። «በል ያዘው» አሉኝ፤ «መጻፍ የምትወደው አንተ ነህ።»

በሳምንቱ ቦቴው መጣና በሊቀመንበሩ አጥር ሥር ቆመ። ልብስ ሰፊው በሁለት እጁ ቢጫ ጀሪካን ይዞ በቤቴ በር ዳገቱን ሲወጣ አየሁት። ሦስት ጊዜ እያረፈ ወጣ። መምህርቷ ከኋላው ነበሩ፤ አንድ ጀሪካን አላቸው። ቀኑንና ቦታውን ጻፍኩ።

አንቀጽ ሰባትን እንድሰርዘው የመከሩኝ አሉ። አልሰርዘውም፤ አሁንም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ከጎኑ ግን ምንም አንቀጽ ልጽፍለት ያልቻልኩት ነገር አለ፤ ሦስት ጊዜ ለምነን ለምናስቀምጠው ሰው የምናወጣውን እጅ እውነቱን ለነገረን ሰው መንፈጋችን።

ስለዚህ አንተን ነው የምለምንህ። በሰፈርህ ስብሰባ አንድ ሰው ቆሞ «እፈልጋለሁ» ሲል፣ ልታወጣለት ያሰብከውን እጅ ጆሮህ ላይ አታቁመው። ከራስህ በላይ አውጣው፤ እስክቆጥረውም አታውርደው።